ስለ ጀልባ ሞተር መጋልና ምክንያቱን በተራ ስለ መመርመር

ሥራ የሚሠራ ነገር ሁሉ ይሞቃል። በሬ ሲያርስ ያልበዋል፤ ሰው ሲቆፍር ገላው ይግላል፤ ወፍጮም ሲፈጭ ድንጋዩ ይሞቃል። ሞተርም እንደዚሁ ነው። ሞተር መሞቁ ሕመም አይደለም፤ ሕመም የሚሆነው ሙቀቱ ከልኩ ያለፈ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ ሞተር የሚጠብቅ ሰው ሁለት ነገር አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል፤ አንደኛው የሙቀቱ ልክ እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ ነው፤ ሁለተኛው ከልክ ሲያልፍ ምክንያቱ በምን መንገድ እንደሚፈለግ ነው።

ይህ ትምህርት በሐይቅ ዳር ለሚኖሩ ልጆች እጅግ ያስፈልጋል። ጣና ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ሰፊው ነው፤ የሚገኘውም ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው። በዳሩና በደሴቶቹ የሚኖረው ሰው ከጥንት ጀምሮ በደንገል ታንኳ ሲሻገር ኖሯል፤ ታንኳው ዛሬም አልቀረም። ነገር ግን ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ሰውንና ጭነትን የሚያመላልሱት በብዛት ሞተር ያላቸው ጀልባዎች ናቸው። ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ቢደክመው ጥቂት ዐርፎ እንደ ገና ይቀዝፋል። ሞተር ግን ከልክ በላይ ግሎ አንድ ጊዜ ከተቃጠለ ዐርፎ አይነሣም፤ ጀልባውም ከነሰዎቹ በውኃ መካከል ይቀራል። በጣና ላይ ደግሞ ከቀትር በኋላ ብዙ ጊዜ ነፋስ ይነሣል፤ ማዕበሉም ይበረታል። እንግዲህ የሞተሩ መጋል የብረት ነገር ብቻ አይደለም፤ የሰው ሕይወት ነገር ነው።

በጀልባ ኋላ ተሰቅሎ የሚሠራውን ሞተር ለገበያ በማብቃት ስሙ የታወቀው በኖርዌይ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ኦሌ ኤቪንሩድ የሚባል ሰው ነው። እርሱም ሞተሩን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም. በሚልዋኪ ከተማ መሸጥ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ይህ ዐይነት ሞተር እጅግ ተሻሽሏል። የሚቀዘቅዝበት ሥርዐት ግን ቀላል ነው፤ ከሐይቁ ውኃ ይቀዳል፤ ውኃው በጋለው ብረት ዙሪያ ያልፋል፤ ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ሐይቁ ይመለሳል።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል

ሞተር ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ በሲሊንደር ውስጥ ያቃጥላል። ሲሊንደር ማለት ፒስተን የሚባለው ብረት እየተመላለሰ የሚሠራበት ቱቦ መሰል ቤት ነው። ቤንዚኑ በሚነድበት ቅጽበት የነበልባሉ ሙቀት ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። ፒስተኑ ግን ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው፤ አሉሚኒየምም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። 2,000 ዲግሪ በሚነድበት ቤት ውስጥ በ660 ዲግሪ የሚቀልጠው ፒስተን እንዴት ሳይቀልጥ ይኖራል ቢባል፤ ነበልባሉ የሚቆየው ለቅጽበት ብቻ ስለ ሆነ፤ በዙሪያውም ያለው ውኃ ሙቀቱን ሳያቋርጥ ስለሚወስደው ነው። ውኃው ለጥቂት ጊዜ ቢቋረጥ ፒስተኑ አብጦ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ ሞተሩም እንደ ተቆለፈ በር ይደርቃል።

ከቤንዚኑ ሙቀት ጀልባውን የሚገፋው ከሦስት እጅ አንዱ እጅ ቢሆን ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያንሳል። የቀረው ግማሹ ከጭሱ ጋር ይወጣል፤ ግማሹን ደግሞ ውኃው ይሸከመዋል።

በባላገር ቤት አረቄ ሲወጣ ያየ ልጅ ይህን በቀላሉ ያስተውላል። ከጋኑ የሚወጣው እንፋሎት በመቃ አልፎ ወደ ተቀባዩ ዕቃ ይገባል፤ ተቀባዩም ዕቃ በቀዝቃዛ ውኃ መካከል ይቀመጣል። አረቄ የምታወጣው ሴት ውኃው ሲሞቅባት ቶሎ ቶሎ ትለውጠዋለች፤ ሳትለውጠው ብትቀር እንፋሎቱ አይቀዘቅዝም፤ አረቄውም ባክኖ ይቀራል። ውኃ ሙቀትን የሚወስደው እየተለወጠ ሲሄድ ነውና፤ በአንድ ቦታ የቆመ ውኃ ራሱ ይፈላል። በሞተር ውስጥ ውኃውን ሳያቋርጥ የሚለውጠው ፖምፓው ነው።

የውኃው መንገድ

ሞተሩ ሲግል ምክንያቱን መፈለግ የሚችለው የውኃውን መንገድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያውቅ ሰው ነው። መንገዱም እንዲህ ነው።

በውኃ ውስጥ በሚጠልቀው የሞተር እግር ጎን ላይ እንደ ወንፊት የተበሳሳ መግቢያ አለ፤ ውኃው የሚገባው በዚህ ነው። ከመግቢያው በላይ ፖምፓው ይገኛል። በፖምፓው ውስጥ ጣት የሚመስሉ የጎማ ክንፎች ያሉት ትንሽ መዘውር ይሽከረከራል፤ ጣቶቹም ውኃውን እየገፉ በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ይሰዱታል። ውኃው በሲሊንደሩና ቴስታታ በሚባለው በሲሊንደሩ ክዳን ዙሪያ በተሠሩት ጠባብ መተላለፊያዎች ይዞራል። ከዚያም ቴርሞስታት ወደሚባለው ትንሽ በር ይደርሳል። ይህ በር በውስጡ በሙቀት የሚያብጥ ሰም ስላለበት፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ይዘጋል፤ ሲሞቅ ይከፈታል። በመጨረሻም ውኃው ከጭሱ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሐይቁ ይመለሳል።

ከዚህ ሁሉ ውኃ ጥቂቱ በሞተሩ ጀርባ ባለች ትንሽ ቀዳዳ እንደ ቀጭን ምንጭ ወደ ውጭ ይፈስሳል። ይህች ውኃ ፖምፓው መሥራቱን የምትመሰክር ስለ ሆነች በዚህ ጽሑፍ ምስክር ውኃ ትባላለች። ነገር ግን በብዙ ሞተሮች ላይ ምስክሯ ስለ ፖምፓው እንጂ ስለ መንገዱ ሁሉ አትመሰክርም። ምስክር ውኃ እየወጣች ሳለ ሞተሩ የሚግልበት ጊዜ አለና፤ በእርስዋ ብቻ መታመን አይገባም።

ጤናውን አስቀድሞ ማወቅ

የሰውዬውን የጤና መልክ የማያውቅ ሐኪም ሕመሙን ለመለየት ይቸገራል። እንደዚሁም ሞተሩ ደኅና ሳለ እንዴት እንደሚሠራ ያላስተዋለ ባለ ጀልባ፤ ሲታመም ቶሎ አይነቃም። ስለዚህ ሞተሩ ደኅና በሆነበት ቀን እነዚህን ነገሮች ተመልክቶ በመዝገብ መጻፍ ይገባል። ምስክር ውኃዋ ምን ያህል ርቃ ትወድቃለች፤ ለብ ያለች ናት ወይስ ትኩስ፤ ሞተሩ በሙሉ ጭነት ምን ዐይነት ድምፅ ያሰማል፤ የሙቀት መለኪያ ያለው እንደ ሆነ መርፌው በየትኛው ቍጥር ላይ ይቆማል፤ በአንድ መንገድ ምን ያህል ቤንዚን ይጨርሳል።

ከልክ ያለፈ ሙቀት ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ምስክር ውኃዋ ትቀጥናለች፤ ትቋረጣለች፤ ወይም በውኃ ፈንታ እንፋሎት ታወጣለች። የተቃጠለ ቀለም ወይም ጎማ ይሸታል። የቤንዚኑ መስጫ ሳይነካ የሞተሩ ኀይል ይደክማል። በዛሬዎቹ ብዙ ሞተሮች ላይ የማስጠንቀቂያ ጩኸት ይሰማል፤ አንዳንዶቹም ራሳቸውን ያዘገያሉ።

መለኪያ የሌለው ሰው በአንዲት ጠብታ ሊፈትን ይችላል። ጣቱን በውኃ ነክሮ በቴስታታው ላይ አንዲት ጠብታ ቢያንጠባጥብ፤ ጠብታዋ በዝግታ ከደረቀች ሞተሩ ከልኩ አላለፈም። በጋለ ምጣድ ላይ እንደ ወደቀ ውኃ ጮኻ ከዘለለች ግን ብረቱ ውኃ ከሚፈላበት ልክ አልፏል።

ስለ መፍላትም አንድ ነገር ማወቅ ይገባል። በባሕር ወለል ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። አገር ከፍ ባለ ቍጥር የአየሩ ክብደት ስለሚቀንስ ውኃው ቀድሞ ይፈላል። በጣና ላይ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ በጣና የሚሠራ ሞተር ውኃው ወደ እንፋሎት እስኪለወጥ ድረስ ያለው ትዕግሥት በባሕር ላይ ከሚሠራው ያንሳል። እንፋሎት ደግሞ ሙቀትን እንደ ውኃ አይወስድም፤ እንፋሎት የያዘው ስፍራ ወዲያው ይቃጠላል።

በመንገድ ላይ ሲግል

ሞተሩ በሐይቅ መካከል ቢግል፤ ከምርመራው አስቀድሞ የሰዎቹ ነገር ይታሰባል። የመንሳፈፊያ ሰደርያ ያልለበሰ ሰው ይልበስ። ከዚያም ቤንዚኑን ቀንሶ፤ ማርሹን አውጥቶ፤ ምስክር ውኃዋን መመልከት ነው። ከወጣች ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ጥቂት ደቂቃ ይቀዘቅዝ። ካልወጣች ወይም እንፋሎት ብቻ ከወጣ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ይገባል።

ጀልባው በነፋስ ወደ ድንጋይ እንዳይነዳ መልሕቅ ይጣል። የጣና ጥልቀት በጥልቁ ስፍራ 14 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፤ የዚህን ሦስት እጥፍ፤ ማለት ከ40 ሜትር የሚበልጥ ገመድ ያለው ሰው በየትኛውም ስፍራ መልሕቁን ሊያስይዝ ይችላል። መቅዘፊያም ከጀልባ ሊጠፋ አይገባውም።

በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር ክልክል ነው። አንደኛው በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ነው። የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል፤ በጋለ ሸክላ ላይ ውኃ ቢፈስስበት እንደሚሰነጠቀው ማለት ነው። ሁለተኛው በጀልባው ሆድ ውስጥ የተተከለና እንደ መኪና ራዲያተር ያለው ሞተር ከሆነ፤ ሳይቀዘቅዝ ክዳኑን መክፈት ነው። ታምቆ የቆየው የፈላ ውኃ ወደ ላይ ይፈነዳልና የከፋቹን ፊትና እጅ ያቃጥላል።

ምክንያቱን በተራ መፈለግ

መስኖ ያለው ገበሬ ውኃ ከማሳው ቢቀርበት፤ እርሻውን አይወቅስም፤ ዘሩንም አይለውጥም። መጥለፊያው ካለበት ከወንዙ ዳር ይነሣል፤ ቦዩንም ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ የተደረመሰውን ወይም የተደፈነውን ቦታ እስኪያገኝ ድረስ አንድ ስንዝር ሳይዘል ይመለከታል። ሞተር የሚመረምር ሰውም እንደዚሁ ማድረግ አለበት። ምርመራው ውኃው ከሚገባበት ተነሥቶ ውኃው ወደሚወጣበት ይሄዳል። ይህ ተራ ሌላ ጥቅም አለው፤ በውጭ ያለው ለመክፈት የማያስቸግርና ገንዘብ የማያስወጣ ነው፤ ወደ ውስጥ በተገባ ቍጥር ግን ድካሙም ወጪውም ይበዛል።

1ኛ፤ መግቢያው። ሞተሩ ጠፍቶ እግሩ ከውኃው ይነሣና ወንፊቱ ይታያል። ሣር፤ ጭቃ፤ የላስቲክ ከረጢት ወይም እንቦጭ ሊደፍነው ይችላል። እንቦጭ የሚባለው በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ አረም በጣና ላይ የታየው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ጢም የመሰለው ሥሩም በሞተር እግር ላይ ይጠመጠማል። ከዚህም ጋር እግሩ በልኩ መጥለቁ ይታይ። ሞተሩ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ወይም ወደ ኋላ የተቀና እንደ ሆነ መግቢያው ከውኃ ጋር አየርን ይስባል።

2ኛ፤ የምስክር ውኃዋ ቀዳዳ። ብዙ ጊዜ ሞተሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ይህች ቀዳዳ ብቻ በጭቃ ወይም በነፍሳት ጎጆ ትደፈናለች። በቀጭን ሽቦ በቀስታ ሲጠርጓት ውኃዋ ከተመለሰች ሌላ ነገር መፍታት አያስፈልግም። ይህን ሳያይ ፖምፓውን የሚፈታ ሰው በከንቱ ይደክማል።

3ኛ፤ ፖምፓው። የጎማው መዘውር የሚቀዘቅዘውና የሚለሰልሰው በሚገፋው ውኃ ራሱ ነው። ስለዚህ ሞተር ከውኃ ውጭ ቢነሣ፤ ለጥቂት ጊዜ እንኳ ቢሆን፤ ጣቶቹ በደረቁ ይፋተጉና ይቃጠላሉ። በክረምት ወንዞቹ ጭቃና አሸዋ ወደ ሐይቁ ስለሚያስገቡ፤ አሸዋው ጣቶቹንም የፖምፓውን ቤትም እንደ ሞረድ ይበላቸዋል። መዘውሩ ሲፈታ ጣቶቹ የተሰነጠቁ፤ የጎደሉ ወይም ጎብጠው የደረቁ ከሆኑ በአዲስ ይለወጣል። ጣት የጎደለ እንደ ሆነ ግን መለወጥ ብቻ አይበቃም፤ የተቈረጠው ጎማ ወዴት እንደ ሄደ መፈለግ አለበት፤ ወደ ላይ ተገፍቶ ጠባቡን መንገድ ይደፍናልና።

4ኛ፤ ቴርሞስታቱ። ተዘግቶ የቀረ ቴርሞስታት ውኃውን ያግዳል። ለመፈተን ከሞተሩ ይፈታና በውኃ በተሞላ ድስት ውስጥ በክር ይንጠለጠላል፤ ከጎኑም የሙቀት መለኪያ ይገባል። ውኃው በእሳት እየሞቀ በሄደ ጊዜ፤ በቴርሞስታቱ ላይ ወደ ተቀረጸው ዲግሪ ሲቃረብ በሩ መከፈት አለበት። ውኃው ፈልቶ ሳለ ያልተከፈተ ከሆነ የሞተ ነው። አንዳንድ ሰዎች ቴርሞስታቱን አውጥተው ይጥሉና ሞተሩ ዳነ ይላሉ። ይህ ግን መዳን አይደለም፤ ሞተሩ ሁልጊዜ ከልኩ በታች እየቀዘቀዘ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውም ይጠቁራል፤ እውነተኛውም በሽታ ተሸፍኖ ይቀራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

5ኛ፤ የውስጡ መተላለፊያ። ከሐይቁ ውኃ የሚቀር ደለልና ድንጋይ መሰል ዝቃጭ በሲሊንደሩ ዙሪያ እየተከማቸ መንገዱን ያጠባል፤ በጀበና ውስጥ እንደሚቀረው አተላ ማለት ነው። ይህን ለማጽዳት ቴስታታውን መክፈት ስለሚያስፈልግ፤ ሥራው ለባለ ሙያ መተው አለበት።

ሙቀቱ የሚመጣበት ጊዜም ምክንያቱን ይጠቍማል። በፍጥነት ሲሄድ ብቻ የሚግል ሞተር፤ ብዙ ጊዜ የውኃው መጠን አንሶት ወይም ጭነቱ በዝቶበት ነው። በዝግታ ሲዞር የሚግልና ሲፈጥን የሚቀዘቅዝ እንደ ሆነ ግን ቴርሞስታቱ ወይም ያረጀው መዘውር ይጠረጠራል።

የውኃው መንገድ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ቢግል

የውኃው መንገድ ከዳር እስከ ዳር ተመርምሮ ጥፋት ያልተገኘበት እንደ ሆነ፤ ምክንያቱ የሙቀት መብዛት እንጂ የማቀዝቀዣ ማነስ አይደለም። በዚህ ጊዜ እነዚህ ነገሮች ይታያሉ።

ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ በሚሠራው ሞተር፤ የዘይቱ ማነስ ብረትን ከብረት ያፋትጋል፤ ሙቀትም ይወልዳል። በብዙ ሞተሮች ልኩ ለ50 እጅ ቤንዚን 1 እጅ ዘይት ነው፤ ይኸውም ለ10 ሊትር ቤንዚን 2 ዲሲ ሊትር ዘይት ማለት ነው። ትክክለኛው ልክ ግን ከሞተሩ ጋር በመጣው መጽሐፍ ይገኛል፤ በግምት መቀላቀልም አይገባም። እንደዚሁም የቤንዚን ማጣሪያው ተደፍኖ ቤንዚኑ ቢያንስና አየሩ ቢበዛ፤ ወይም ካንዴላው እሳቱን በጊዜው ባይሰጥ፤ ሞተሩ ከልኩ በላይ ይግላል። በቴስታታው ሥር ያለው ጓርኒሲዮን የተቃጠለ እንደ ሆነ ደግሞ ነበልባሉ ወደ ውኃው መንገድ ይሾልካል፤ ካንዴላውም ሲፈታ የውኃ ርጥበት ይታይበታል።

የጭነት ነገርም አይረሳ። በጣና ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፤ ሞተር በባሕር ወለል ላይ ከሚኖረው ኀይል ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ይጎድልበታል። ይህን የማያውቅ ሰው በሞተሩ ላይ የተጻፈውን የፈረስ ጉልበት አምኖ ከልክ በላይ ይጭናል፤ የጎደለውንም ለመሙላት ቤንዚኑን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ቀኑን ሙሉ ይነዳል። ጀልባውን በሚገፋው ክንፍ ላይ የተጠመጠመ ገመድ ወይም መረብም እንደ ተጨማሪ ጭነት ይቈጠራል።

ምሳሌ

የተባለው ሁሉ እንዲገለጥ አንድ ምሳሌ ይነገር። በክረምት አንድ ባለ ጀልባ ለለቅሶ የሚሄዱ 12 ሰዎች ጭኖ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ተነሣ እንበል። ከመንገዱ እኩሌታ ሲደርስ ረዳቱ ልጅ፤ «ጋሼ፤ ውኃው ቀጥኗል» አለው። ባለ ጀልባው ዘወር ብሎ ቢያይ፤ ምስክር ውኃዋ እንደ ክር ሆናለች። ወዲያው ቤንዚኑን ቀነሰ።

ከመንገደኞቹ አንድ ሽማግሌ፤ «ልጄ፤ ቀብሩ ሊያልፍብን ነው፤ እንደ ምንም ብለህ አድርሰን እንጂ አትቁምብን» አሉት። እርሱም፤ «አባቴ፤ ይቅር ይበሉኝ። ብቆም የምናጣው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ባልቆም ግን እርስዎም እኛም ነፋሱ እስኪነሣ እዚሁ እንቀራለን» ብሎ ሞተሩን አጠፋ፤ መልሕቁንም ጣለ።

የሞተሩን እግር ቢያነሣው በመግቢያው ላይ የእንቦጭ ሥር ከላስቲክ ቍራጭ ጋር ተጠምጥሞ አገኘ። አጸዳው፤ ሞተሩም እስኪቀዘቅዝ ጠበቀና አስነሣው። ምስክር ውኃዋ ተመለሰች፤ መንገደኞቹም ደስ አላቸው። ባለ ጀልባው ግን በመዝገቡ የጻፈውን አስታወሰ፤ ውኃዋ በደኅናው ቀን አንድ ክንድ ርቃ ትወድቅ ነበር፤ አሁን ግን አንድ ስንዝር አታልፍም። ስለዚህ በዝግታና ወደ ዳሩ ተጠግቶ ሄደ፤ ሰዎቹንም አደረሰ።

በማግሥቱ ፖምፓውን ፈታ። ከመዘውሩ ስድስት ጣቶች ሁለቱ ተሰንጥቀዋል፤ አንዱ ፈጽሞ የለም። አዲስ መዘውር አገባ፤ በዚህም አልተወውም፤ የጠፋውን ጣት ፍለጋ ቱቦውን ተከትሎ ወደ ላይ ቢሄድ ከቴርሞስታቱ ሥር ተወትፎ አገኘው። እንግዲህ በአንድ መንገድ ላይ ሦስት ምክንያቶች ነበሩ፤ አረሙ፤ የተበላው መዘውርና የተወተፈው ጎማ። አረሙን ብቻ አጽድቶ ቢቀር፤ በሌላ ቀን ምናልባትም በማዕበል መካከል ሞተሩ ይቃጠልበት ነበር። መዘውሩን ብቻ ለውጦ ቢቀር፤ አዲሱ መዘውር ያለ ጥፋቱ በሰነፍነት ይታማ ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ መጀመሪያ የተገኘው ምክንያት ብቸኛው ምክንያት ነው ማለት አይደለም፤ ሞተሩ ወደ ቀድሞ ልኩ እስኪመለስ ድረስ ምርመራው አላለቀም።

ጥንቃቄ

አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። ቃሉ ለሞተርም ይሠራል። ሞተር ከውኃ ውጭ ለአንድ አፍታም አይነሣ። በጭቃ ውኃ ከሠራ በኋላ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ። የጎማው መዘውር ደኅና ቢመስልም መጽሐፉ ባዘዘው ጊዜ ተፈትቶ ይታይ። ትርፍ መዘውር፤ ትርፍ ካንዴላ፤ መፍቻና ሽቦ ከጀልባው አይጥፉ። አንድ ነገር ሲለወጥ ውጤቱ ሳይታይ ሌላ አይለወጥ፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅምና። የተለወጠውም ነገር ከነቀኑ በመዝገብ ይጻፍ።

ከሞተሩ የተላቀቀውን እንቦጭ መልሶ ወደ ሐይቁ መጣል አይገባም። ይህ አረም ከሥሩ በሚወጣ ቅጥያ ይራባልና፤ ከአንድ ዳር ተነቅሎ በጀልባ የሄደ ቍራጭ በሌላው ዳር ሊበቅል ይችላል። በከረጢት አኑሮ ወደ ምድር ማውጣትና ከውኃ ርቆ ማድረቅ ይገባል። የላስቲክ ከረጢትም እንደዚሁ ነው፤ ዛሬ ወደ ሐይቁ የተጣለው ነገ የጣዩን ሞተር ይደፍናል።

ሞተር አፍ የለውም፤ ሕመሙን የሚናገረው በሙቀቱ ነው። ሙቀቱን ሰምቶ የሚቆም፤ ቆሞም ከመግቢያው እስከ መውጫው በትዕግሥት የሚመረምር ባለ ጀልባ፤ ገንዘቡንም መንገደኞቹንም ይጠብቃል።

ጥያቄዎች

1. ነበልባሉ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሳለ ፒስተኑ የማይቀልጠው ለምንድር ነው?
2. ውኃው በሞተሩ ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ ከመግቢያው እስከ መውጫው በተራ ጻፍ።
3. በጣና ላይ ውኃ በስንት ዲግሪ ገደማ ይፈላል? ይህስ ለሞተሩ ምን ጉዳት አለው?
4. ምስክር ውኃ እየወጣች ሳለ ሞተሩ ሊግል የሚችለው ለምንድር ነው?
5. በምሳሌው ያለው ባለ ጀልባ አረሙን ካጸዳ በኋላ ምርመራውን ያልተወው ምን አይቶ ነው?